የአኩፓንቸር መርፌ ስቴም ሴል ቀስቅሶ የተጎዳ ጅማት ይጠግናል?

ጥያቄ፦ ደምበጫ አካባቢ የሚኖሩ የ61 ዓመት ገበሬ አባት አሉኝ። ጥር ላይ ከአውድማ የጤፍ ጆንያ ተሸክመው ሲወርዱ አንድ ሰው ከኋላ ተረከዛቸውን የመታቸው ያህል ተሰምቷቸው ወደቁ፤ ዞር ሲሉ ግን ማንም አልነበረም። ወጌሻ በቅቤ እያሸ ሦስት ሳምንት አሰረላቸው። ይኸው አራት ወር ሆኗቸው አሁንም ያነክሳሉ። በቅርቡ አኩፓንቸር የሚሠራ አንድ ሰው «በ12 ጊዜ መርፌ የራሳቸውን ስቴም ሴል ቀስቅሼ ጅማቱን እጠግነዋለሁ» አለን። ክፍያውን ለመሙላት አንዱን በሬ መሸጥ ሊኖርብን ነው። ነገሩ በሳይንስ እውነት ነው? በሬውን እንሽጥ?

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ። ለአባትዎ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክላቸው።

በሬውን አይሽጡ። ይህን የምልዎት ሰውየው የነገራችሁ ነገር ከመሬት ተነሥቶ የተፈጠረ ውሸት ስለሆነ አይደለም። ከበስተጀርባው ትክክለኛ ጥናት አለ፤ ነገር ግን ጥናቱ ያሳየው አንድ ነገር፣ ለእናንተ የተሸጠው ተስፋ ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ሳላሳይ «አይሆንም» ብዬ ብቻ ባልፍ ደግሞ ጥያቄዎን አልመለስኩም። እኔ ባሕር ዳር የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ለጡንቻ ሕመም ራሴም ቀጭን መርፌ እጠቀማለሁ፤ ስለዚህ የምጽፈው ከመርፌ ጠላቶች ወገን ሆኜ አይደለም።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ላንሣ። በእኛ አገር «መርፌ ተወጋሁ» ያለ ሰው መድኃኒት ገባልኝ ማለቱ ነው። ከገጠር የሚመጡ ታካሚዎቼ መርፌውን ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ውስጡ ምን አለበት?» ብለው ነው። የአኩፓንቸር መርፌ ድፍን ነው፤ ቀዳዳ የለውም፤ ውፍረቱ ሩብ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ወደ ሰውነት የሚያስገባውም ሆነ ከሰውነት የሚያወጣው ነገር የለም። የኤሌክትሪክ አኩፓንቸር በሚባለው ዓይነት ከተሰኩት መርፌዎች ጋር ቀጫጭን ሽቦዎች ይያያዙና ከትንሽ መሣሪያ ደካማ ኤሌክትሪክ ይላካል። ስለዚህ ቤተሰቡ «ስቴም ሴል ሊወጉልን ነው» ብሎ ተረድቶ ከሆነ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ክርክሩ መርፌው በነርቭ በኩል በሚልከው መልእክት የራስ ሰውነት ምን ያደርጋል የሚለው ላይ ነው።

ስቴም ሴል፣ አንዳንዶች ግንደ ሕዋስ የሚሉት፣ ራሱን እያባዛ እንደ አስፈላጊነቱ ሌላ ዓይነት ሴል ሊወጣው የሚችል ሴል ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ቲልና ማኩሎክ የተባሉ ሁለት የቶሮንቶ ተመራማሪዎች በአይጥ መቅኔ ውስጥ ደም የሚያበቅሉ እንዲህ ያሉ ሴሎች መኖራቸውን በሙከራ አሳዩ፤ ለደም ካንሰር የሚደረገው የመቅኔ ንቅለ ተከላ የሚሠራውም በእነዚሁ ሴሎች ነው። የእኛ ጉዳይ ግን ከእነሱ ጋር አይደለም። ሜሰንካይማል ስቴም ሴል የሚባሉ፣ በመቅኔና በስብ ውስጥ የሚገኙ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ወደ አጥንት፣ ወደ ልም አጥንትና ወደ ስብ ሊለወጡ የሚችሉ ሌሎች አሉ። ስማቸውን እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣላቸው አርኖልድ ካፕላን የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት ራሱ በ2017 ስሙ ይቀየር ብሎ ጻፈ። ምክንያቱም እነዚህ ሴሎች ጉዳት ቦታ ላይ ሲደርሱ በአብዛኛው ራሳቸው ሥጋ ወይም ጅማት አይሆኑም፤ የሚያመነጩት ንጥረ ነገር እብጠቱን ያበርዳል፣ በቦታው ያሉትን ሴሎችም ለሥራ ያነሣሣል። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ «ስቴም ሴል መጥቶ ጅማት ይሆናል» የሚለው ሥዕል ከመነሻው የተሳሳተ ነውና።

አሁን ወደ ጥናቱ ልግባ። ሰውየው የጠቀሰላችሁ ነገር መነሻው፣ በእኔ ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሪነት ተሠርቶ ስቴም ሴልስ በተባለው መጽሔት የወጣው ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ በሰዎች ላይ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል፣ በክርን፣ በማጅራትና በአናት ላይ መርፌ ሰክተው ኤሌክትሪክ ላኩበት። በአንጎል ምስል ሲታይ ሃይፖታላመስና አሚግዳላ የተባሉት ሁለት የአንጎል ክፍሎች ይበልጥ ተናበው መሥራት ጀመሩ፤ በደም ምርመራ ደግሞ ሜሰንካይማል ስቴም ሴሎች ወደ ደም ወጥተው ተገኙ፤ በሰዎቹ ላይ ምንጫቸው በዋናነት የስብ ክምችት ነበር። መንገዱን ለማወቅ አይጦችን መረመሩ። መልእክቱ ከመርፌው ተነሥቶ በነርቭ ወደ አንጎል ይወጣል፤ ከአንጎል ደግሞ ስንደነግጥ ልባችንን በሚያስመታው ሲምፓቴቲክ በሚባለው የነርቭ መስመር ይወርዳል። ከዚያ የተረከዝ ጅማታቸውን በከፊል በጥሰው ያንኑ ሕክምና የሰጧቸው አይጦች ሕመማቸው ቀነሰ፣ በደማቸው ውስጥ ኢንተርሉኪን 10 የተባለው እብጠት አብራጅ ንጥረ ነገር ጨመረ፣ የጅማታቸውም አጠጋገን ተሻሻለ። ፕሮፕራኖሎል የተባለውን፣ እኛም አገር ለደም ግፊትና ለልብ ምት የሚታዘዘውን መድኃኒት ሲሰጧቸው ግን ይህ ሁሉ ጥቅም ቀረ። ለእኔ የጥናቱ ጠንካራ ጎን ይህ የመጨረሻው ነው፤ መስመሩን ሲዘጉት ውጤቱ መቅረቱ ነገሩ የነርቭ ሥራ እንጂ ግምት አለመሆኑን ያሳያል።

እንግዲህ ሥራው ቁም ነገር ያለው ነው። ያላሳየውን ግን እንይ።

ሰው ላይ የታየው ሴሎቹ ከስብ ወጥተው ደም ውስጥ መገኘታቸው ነው። ጅማት ሲሻሻል የታየው አይጥ ላይ ነው፤ ያውም በከፊል በተጎዳ ጅማት ላይ፣ ጉዳቱ ትኩስ ሳለ። እርስዎ የደምበጫ ልጅ ነዎትና ደቦን ላስረዳዎ አልልም፤ ሰው ለደቦ ተጠርቶ ከየቤቱ ወጣ ማለት ግን አጨዳው አለቀ ማለት እንዳልሆነ ያውቃሉ። መንደሩ ሁሉ ነቅሎ ቢወጣ እንኳ ማሳው ላይ የሚያደርስ መንገድ ከሌለ፣ ማጭዱም ካልተሳለ፣ ጤፉ እንደቆመ ይቀራል። የስቴም ሴሉ ነገር እንዲሁ ነው። ሴሎቹ የሚጓዙት በደም ተሳፍረው ነው፤ የተረከዝ ጅማት ደግሞ ከተረከዝ አጥንት በላይ ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ባለው ክፍሉ ደም እንደልብ የማይደርሰው ነው። የሚበጠሰውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ተበጥሶ ሁለቱ ጫፎች ተራርቀው ከሆነ፣ በመካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ጠባሳ ነው። ያ ጅማት ረዝሞና ላልቶ ይድናል፤ የላላ ጅማት ደግሞ የባትን ጉልበት ወደ እግር አያደርስም። ይህን የሚያስተካክል የሴል ብዛት የለም።

መርፌው በተሰካበት ቦታ ስለሚያደርገው ነገርም አንድ ሁለት ነገር ልጨምር፤ ይህ ክፍል በየቀኑ በእጄ የምነካው ስለሆነ ይማርከኛል። መርፌ ከቆዳ ሥር አስገብቼ በሁለት ጣቶቼ ሳሾረው መጀመሪያ በነፃነት ይዞራል፤ ጥቂት ዙር እንደዞረ ግን የሆነ ነገር ይይዘዋል፤ ቀስ ብዬ ልስበው ብል ቆዳው አብሮ እንደ ትንሽ ድንኳን ይነሣል። ከሜጫ የመጡ አንዲት እናት ይህን አይተው «እንደ እንዝርቱ ክሩን ጠመጠመው» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ አገላለጽ ሰምቼ አላውቅም፤ ሄለን ላንጀቪን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ ያሳየችው በትክክል ይህንኑ ነውና። መርፌው ሲሽከረከር ከቆዳ ሥር ያለው አያያዥ ሥጋ ክሮች ይጠመጠሙበታል፤ ክሮቹ ሲሳቡ በዙሪያው ያሉት ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሴሎች ተዘርግተው ቅርጻቸውን ይለውጣሉ። ሴል ሲሳብ ያውቃል ማለት ነው። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሕመምን በተመለከተ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የማይከን ኔደርጋርድ ቡድን በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ በአይጦች ጉልበት አጠገብ መርፌ ሰክቶ እያሾረ ሲለካ፣ አዴኖሲን የተባለው ንጥረ ነገር በመርፌው ዙሪያ 24 እጥፍ ገደማ ጨምሮ አገኘው። አዴኖሲን ሕመም የሚሸከመውን ነርቭ ያደነዝዛል፤ አዴኖሲን የሚያርፍበት የሴል ክፍል፣ ተቀባይ የሚባለው፣ በሌላቸው አይጦች ላይ መርፌው ሕመም አልቀነሰም። (ቡና ንቁ የሚያደርገን ይኸው አዴኖሲን ተቀባዩ ላይ እንዳያርፍ ስለሚከለክል ነው።) እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የቺዩፉ ማ ቡድን በኔቸር መጽሔት ላይ ደካማ ኤሌክትሪክ በአይጥ የኋላ እግር ላይ ሲሰጥ ከአንጎል ወደ ሆድ ዕቃ በሚወርደው ቬገስ በሚባለው ነርቭ በኩል ከኩላሊት በላይ ያለውን አድሬናል ዕጢ አነሣሥቶ የሰውነት ብግነትን እንደሚቀንስ፣ ያው ኤሌክትሪክ ሆድ ላይ ሲሰጥ ግን ይህን እንደማያደርግ አሳየ። እግር ላይ ያለው የነርቭ ዓይነት ሆድ ላይ የለም።

ሰው ላይ ሲመጣ ግን ሥዕሉ ይለወጣል። ጀርመን ውስጥ በ1,162 የወገብ ሕመምተኞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ትልቅ ጥናት፣ ከስድስት ወር በኋላ ለውጥ ያዩት በትክክለኛው የአኩፓንቸር ነጥብ መርፌ ከተሰካላቸው 47.6 ከመቶ፣ ሆን ተብሎ ነጥብ ባልሆነ ቦታ በጥልቀት ሳይገባ ከተሰካላቸው 44.2 ከመቶ፣ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ደግሞ 27.4 ከመቶ ነበሩ። ከዚህ እኔ የምረዳው መርፌ ለቆየ ሕመም ከተለመደው ሕክምና የተሻለ እፎይታ ሊሰጥ እንደሚችል፣ ነገር ግን «ይህን ነጥብ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ» የሚል ሰው ከሚለው በጣም ያነሰ ሚስጥር እንዳለው ነው። ሕመም መቅለሉ ራሱ ዋጋ አለው። የሚያስፈራኝ ግን እዚያው ላይ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የአዴት አካባቢ ገበሬ ሌላ ቦታ ለወራት መርፌ ሲሰካላቸው ቆይተው ሕመሙ ስለጠፋላቸው ብቻ ድኛለሁ ብለው ሐምሌ ላይ እርፍ ጨበጡ። በጭቃው ውስጥ ወደፊት ሲገፉ የቀረው የጅማቱ ክር ተበጠሰ። ወደ እኔ ሲመጡ ከተረከዛቸው በላይ አውራ ጣቴን የሚያስገባ ጎድጓዳ ነበር። ሕመሙን ያስታገሠው ሰው አንድም ቀን ባታቸውን ጨምቆ አላየም።

ስለዚህ ከስቴም ሴል በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ የአባትዎ ጅማት ጫፍ ለጫፍ ተያይዟል ወይስ አልተያያዘም የሚለው ነው። የጻፉልኝ ምልክት፣ ማለትም ከኋላ የተመታ ያህል ተሰምቶ መውደቅ፣ የተረከዝ ጅማት ሲበጠስ የሚነገር ዋነኛ ምልክት ነው። የተበጠሰበት ሰው በሌሎች ጡንቻዎች እርዳታ እግሩን ማንቀሳቀስና ማዝገም ስለሚችል ጉዳቱ ብዙ ጊዜ «ወለምታ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ዛሬ ማታ ይህን ያድርጉ። አባትዎ በሆዳቸው አልጋ ላይ ይተኙ፤ ሁለቱም እግሮቻቸው ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ ከአልጋው ጫፍ ውጭ ይንጠልጠሉ። መጀመሪያ የደኅናውን እግር ባት በመዳፍዎ ጨመቅ ያድርጉት፤ እግሩ በጣቱ ለመቆም እንደሚንጠራራ ሰው ይዘረጋል። ከዚያ የታመመውን ባት እንዲሁ ይጨምቁ። ፀጥ ካለ ወይም ከሌላኛው በግልጽ ካነሰ ጅማቱ ሳይበጠስ አልቀረም። ቀጥሎ ግድግዳ ይዘው በታመመው እግር ብቻ ተረከዛቸውን ከመሬት ማንሣት ይችሉ እንደሆነ ይመልከቱ። አራት ወር ሲቆይ የተፈጠረው ጠባሳ እግሩን ትንሽ ሊያንቀሳቅሰው ስለሚችል የመጀመሪያው ሙከራ «ደኅና ነው» ቢልዎት እንኳ አይመኑት፤ አልትራሳውንድ የግድ ነው። ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ይዘው ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር የአጥንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ መታወቂያውን አይርሱ። ለመርፌው ከታሰበው ገንዘብ ጥቂቱ ለዚህ ይበቃል።

ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡ ሳይጠየቁ የሚናገሩት ነገር አለ። አባትዎ ከጉዳቱ በፊት በነበሩት ሳምንታት ለሆድ ወይም ለሽንት ሕመም ሲፕሮፍሎክሳሲን ወስደው ነበር? ሰው «ሲፕሮ» እያለ ከየመድኃኒት ቤቱ የሚገዛው ይህ መድኃኒት ጅማት ሊያስበጥስ እንደሚችል የታወቀ ነው፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት አድርጓል፤ አደጋው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑና ስቴሮይድ በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይብሳል። ተረከዙ አካባቢ የስቴሮይድ መርፌ ተወግተው ከነበረም ይናገሩ። የስኳር ምርመራም ያድርጉ፤ ያልታወቀ ስኳር የማንኛውንም ቁስል መጠገን ያዘገያል።

ሙሉ በሙሉ ተበጥሶ ከስድስት ሳምንት በላይ የቆየ ጅማት በራሱ ስለማይገጣጠም ሐኪሙ ስለ ቀዶ ሕክምና ሊያነጋግራችሁ ይችላል፤ አንዱ መንገድ የእግር አውራ ጣትን የሚያጥፈውን ጅማት ተውሶ መተካት ነው። ተያይዞ ከተገኘ ግን ሕክምናው ጭነት ነው። ቅድም ሴል ሲሳብ ያውቃል ያልኩት እዚህ ላይ ይሠራል፤ የጅማት ሴሎች ኮላጅን የሚባለውን የጅማት ክር መልካምና ጠንካራ አድርገው ሠርተው በጉልበቱ አቅጣጫ የሚደረድሩት በልክ ሲሳቡ ነው። ተኝቶ የሚጠበቅ ጅማት ይህን ጥሪ አያገኝም፤ ያለልክ የተጫነው ደግሞ ይቀደዳል። ሃካን አልፍሬድሰን የተባለው ስዊድናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1998 ለቆየ የተረከዝ ጅማት ሕመም ያቀረበው መልመጃ ዛሬም መነሻችን ነው፦ በደረጃ ጫፍ ላይ በእግር ጣት ቆሞ ተረከዝን ቀስ ብሎ ወደ ታች ማውረድ፣ 15 ጊዜ በሦስት ዙር፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። ደረጃ ለሌለው ቤት የደጃፉ ድንጋይ ይበቃል። አባትዎ ግን ይህን መልመጃ ሐኪም ጅማቱ መያያዙን ሳያረጋግጥ እንዳይጀምሩት፤ ሲጀምሩም በሁለት እግር፣ መሬት ላይ፣ ሰው አጠገባቸው ቆሞ ይሁን።

ወጌሻውን አልወቅስም፤ ለወለቀ ትከሻ እጃቸው የተባረከ ወጌሾች አውቃለሁ። ነገር ግን የተጎዳ ጅማትን በኃይል ማሸት ከእንግዲህ ይቅር።

ከምርመራው በኋላ አባትዎ ለሕመሙ መርፌ መሞከር ቢፈልጉ አልከለክልም። መርፌዎቹ ከታሸገ ፓኬት በፊታችሁ የሚወጡና አንዴ ብቻ የሚያገለግሉ ይሁኑ፤ ከሰው ወደ ሰው ተደጋግሞ የሚሰካ መርፌ የጉበት በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ወይም የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ የተገጠመላቸው ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። ለ12 ጊዜ በአንድነት አትክፈሉ፤ በየጊዜው ይከፈል፤ በአራት በአምስት ጊዜ የሕመሙ ለውጥ ካልታየ ይቁም። መልመጃውን ሊተካ እንደማይችል ደግሞ አባትዎ ራሳቸው ይወቁት።

ሰኔ ደርሷል። ሁለቱም በሬዎች ለእርሻው ያስፈልጓችኋል፤ እርፉን ግን ዘንድሮ እርስዎ ወይም የወንፈል ጎረቤት ይያዘው። የአልትራሳውንዱን ውጤት ሲያገኙ ይጻፉልኝ፤ ጅማቱ ተያይዞ ከሆነ የመልመጃውን መጠን ለአባትዎ ዕድሜና ጉልበት በሚሆን ልክ፣ ሳምንት በሳምንት ጽፌ እልክልዎታለሁ።